ፖለቲካ፣ ፍልስፍናና ኢኮኖሚክስን በአንድ ዲግሪ ማጥናት ለልጄ ይበጃታል?

አባት ከሎንዶን፦

ለውይይቱ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ልጄ እዚህ ሎንዶን ተወልዳ ያደገች ስትሆን፣ በአሁኑ ጊዜ የኤ ሌቭል (ከዩኒቨርሲቲ በፊት የሚሰጠው የሁለት ዓመት ትምህርት) የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ የምትወስዳቸውም ትምህርቶች ሒሳብ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ናቸው። በመጪው መስከረም የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዋን ማዘጋጀት ስላለባት ምን ማጥናት እንደምትፈልግ ስንጠይቃት፣ እኔና እናቷ ሕግ ወይም ኢኮኖሚክስ ትላለች ብለን ስንጠብቅ «ፒፒኢ» አለችን፤ ፖለቲካ፣ ፍልስፍናና ኢኮኖሚክስ ተጣምረው በአንድ ዲግሪ የሚሰጡበትን ትምህርት ማለቷ ነው።

ይህ ትምህርት በዚህ አገር ትልቅ ስም እንዳለው አውቃለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት ዴቪድ ካሜሩን፣ ሊዝ ትረስና ሪሺ ሱናክ በኦክስፎርድ ያጠኑት ይህንኑ እንደሆነ፣ ከእነርሱም በፊት ሃሮልድ ዊልሰንና ኤድዋርድ ሂዝ በዚሁ መንገድ እንዳለፉ አንብቤያለሁ። ነገር ግን እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ እናቷም በሆስፒታል በረዳት ነርስነት ትሠራለች፤ ስለዚህ ለእነዚያ ሰዎች በር የከፈተ ዲግሪ ለእሷም ይከፍትላታል ብዬ በቀላሉ ለመቀበል ይቸግረኛል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ እዚህ የቀረበው ደግሞ ሦስት ነው። ከሁሉም ቁንጽል ቁንጽል ይዛ፣ በአንዱም ሳትጠልቅ እንዳትወጣ እሰጋለሁ። የሒሳቡ ክብደት ምን ያህል እንደሆነ፣ በተማሪ ብድር የሚከፈለውን ወጪ የሚያህል ጥቅም ያለው መሆኑን፣ ተመርቃ ስትወጣም በምን ሙያ ልትሠራ እንደምትችል የሚያውቅ ቢኖር እንዲያስረዳኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሐሳቧን ለማስቀየር ምክንያት እየፈለግሁ አይደለም፤ ከእሷ ጋር ከመነጋገሬ በፊት ነገሩን አውቄ መገኘት ስለምፈልግ ነው።

የዘርፉ ምሩቅ፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። እኔ ይህንኑ ትምህርት በኦክስፎርድ የተማርኩ ስለሆነ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ትምህርቱ እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ከዚያ በፊት ለከፍተኛ የመንግሥት ሥራ የሚታጭ ወጣት የጥንት ግሪክንና የሮማን ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና አጥንቶ መምጣቱ የተለመደ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የዘመኑን ኅብረተሰብ በዘመኑ ዕውቀት የሚመረምር ትምህርት ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት አገኘና ሦስቱ ተጣመሩ።

የ«ቁንጽል» ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም የትምህርቱ አደረጃጀት ራሱ በከፊል ይመልሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱም ግዴታ ናቸው። በፍልስፍና በኩል በምልክት የሚሠራ የሎጂክ ትምህርትና የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጆን ስቱዋርት ሚል የሥነ ምግባር ሐሳብ ይገኙበታል፤ በኢኮኖሚክስ ማይክሮ (የግለሰብና የድርጅት ውሳኔ)፣ ማክሮ (የአገር አቀፍ ኢኮኖሚ) እና ለእነርሱ የሚያስፈልገው ሒሳብ አለ፤ በፖለቲካ ደግሞ የዴሞክራሲ ንድፈ ሐሳብና የልዩ ልዩ አገሮች መንግሥታዊ ተቋማት ንጽጽር ይሰጣል። የዓመቱ ማብቂያ ፈተና ካለፈ በኋላ ተማሪው ሦስቱን ይዞ መቀጠል ወይም አንዱን መተው ይችላል፤ አብዛኛው ሰው አንዱን ይተዋል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ልጅዎ የምትይዘው በአብዛኛው ሁለት ትምህርት ነው፤ በመጨረሻም የምትፈተነው በስምንት የትምህርት ክፍሎች ሲሆን፣ እነዚያን ስምንት እንዴት እንደምትመርጥ የዲግሪዋን እውነተኛ ይዘት ይወስነዋል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዲግሪ ይዘው፣ አንዱ ለኢኮኖሚስትነት የበቃ፣ ሌላው ለፍልስፍና ምርምር የተዘጋጀ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልጨምር። በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ከረጅም የንባብ ዝርዝር ጋር ይሰጣል፤ ለምሳሌ «ዴሞክራሲ ለኢኮኖሚ ዕድገት ይጠቅማል ወይ?» የሚል ሊሆን ይችላል። ተማሪዋ አንብባ ኤሴይ ትጽፍና ከአንድ ወይም ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በመምህሩ ክፍል ትቀመጣለች፤ ቱቶሪያል የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ ጣቱን አንዱ አንቀጽ ላይ ያሳርፍና፣ «ዴሞክራሲያዊ አገሮች ሀብታም መሆናቸውን ጽፈሻል፤ ዴሞክራሲያዊ የሆኑት ሀብታም ስለሆኑስ ቢሆን? ሁለቱን የሚለየው ማስረጃሽ የትኛው ነው?» ይላል። ይህን ለመመለስ መረጃ በስታትስቲክስ መመርመር፣ የአገሮችን ታሪክ ማወቅ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ «ዴሞክራሲ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አጥርታ ማስቀመጥ ይጠበቅባታል። በሐሳብ ብዛት ማምለጥ አይቻልም። እኔ ከትምህርቱ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ዛሬም በማዘጋጃ ቤት የመኖሪያ ቤቶች ፖሊሲ ክፍል ስሠራ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በኦክስፎርድ ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። በዮርክ፣ በዎሪክ፣ በማንችስተር፣ በደርሃም፣ በሎንዶን ደግሞ በኪንግስ ኮሌጅ፣ በዩሲኤልና በኤልኤስኢ ይገኛል። ካምብሪጅ በዚህ ስም የሚሰጠው ዲግሪ የለም።

በባንክ የምሠራ ኢኮኖሚስት፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከኢኮኖሚክስ ወገን ሆኖ የሚናገር ሰውም ያስፈልጋል ብዬ አስባለሁ።

ወንድሜ፣ ልጅዎ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ መሆን ከፈለገች፣ ኢኮኖሚክስን ብቻውን ያጠና ተማሪ በሦስት ዓመት ውስጥ ለኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታትስቲክስ ለሚመረምረው ትምህርት) እና ለሒሳብ የሚሰጠውን ጊዜ ፒፒኢ የሚያጠና ተማሪ ሊሰጠው አይችልም። ሰዓቱ የተከፋፈለ ነውና። በኋላ በኢኮኖሚክስ ማስተርስ ለመቀጠል ብታመለክት፣ ቅበላ ክፍሉ በመጀመሪያ የሚያየው ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ስታትስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ ምን ያህል እንደወሰደች ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አገልግሎትም ቢሆን ጥምር ዲግሪ ይዞ የሚመጣ አመልካች ከትምህርቱ ግማሽ ያህሉ ማይክሮንና ማክሮን ጨምሮ ኢኮኖሚክስ እንዲሆን ይፈልጋል። በሁለተኛው ዓመት ኢኮኖሚክስን የተወች ተማሪ ይህ በር እንደሚዘጋባት አስቀድማ ማወቅ አለባት፤ ብዙ ወጣቶች ይህን የሚያውቁት ምርጫው ካለፈ በኋላ ነው፣ ያም ያሳዝነኛል።

ሒሳብን በተመለከተ፣ ኤልኤስኢ ለፒፒኢ የኤ ሌቭል ሒሳብን እንደ ግዴታ ሲጠይቅ፣ ኦክስፎርድ ግን ባያስገድድም ይመክራል። ልጅዎ ሒሳብ እየወሰደች መሆኗ ትልቅ ነገር ነው። እንዳትተወው ይንገሯት።

ስለ ብድሩ ግን አይጨነቁ፤ ቢያንስ ይህን ዘርፍ ከሌላው ለመምረጥ መመዘኛ አያድርጉት። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለ2025/26 የትምህርት ዘመን ከአገር ውስጥ ተማሪ ማስከፈል የሚችሉት ከፍተኛው የዓመት ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነው፤ ታዋቂዎቹ ሁሉ ይህንኑ ስለሚያስከፍሉ ሕግም ብታጠና፣ ኢኮኖሚክስም ብታጠና፣ ፒፒኢም ብታጠና ልዩነት የለውም። ገንዘቡን መንግሥት በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት በጀመሩት ላይ በሚሠራው ደንብ መሠረት፣ ተመራቂዋ መክፈል የምትጀምረው የዓመት ገቢዋ ከ25,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው፤ የምትከፍለውም ከዚያ በላይ ካለው ገቢ ላይ 9 በመቶውን ነው። 30,000 ፓውንድ ብታገኝ በዓመት 450 ፓውንድ ማለት ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የቀረው ይሰረዛል። አርባ ዓመት ረጅም መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ገቢ በሌላት ጊዜ በር የሚያንኳኳ አበዳሪ የለም፣ ቤተሰብም ዋስ ሆኖ አይያዝም።

የእኔ ምክር፣ ልጅዎ መረጃና ቁጥር የሚያስደስታት ከሆነ ኢኮኖሚክስን ለብቻው ታጥና፤ ፍልስፍናውን መጻሕፍት አንብባ ልትደርስበት ትችላለች፤ ኢኮኖሜትሪክስን ግን ማንም በትርፍ ጊዜው ተምሮት አላየሁም።

መምህር ከአዲስ አበባ፦

የባንኩ ባለሙያ ወንድማችን ስለ ሒሳብ የጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። «ፍልስፍናውን መጻሕፍት አንብባ ትደርስበታለች» የሚለውን ግን ልቀበለው አልችልም፤ ምክንያቴንም ሁላችንም በምናውቀው ጉዳይ ላስረዳ።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በወሎ የደረሰውን ረሀብ ለምን ደረሰ ብለን ብንጠይቅ፣ ወዲያው የሚመጣልን መልስ «ዝናብ ጠፋ፣ እህል አለቀ» የሚለው ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ ይህን መልስ መረመረው። በወሎ ሰብል መጥፋቱ አያከራክርም፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ግን የምግብ ምርቱ እጅግ አላሽቆለቆለም፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አልናረም፣ እንዲያውም ሕዝቡ እየተራበ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የሚጫን እህል እንደነበር የሚጠቁም መረጃ አለ። ሴን የደረሰበት መደምደሚያ እህል መኖሩ ብቻውን ሰውን እንደማያድን ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጥቷል፤ ስለዚህ በገበያው ላይ ያለውን እህል የሚገዛበት አልነበረውም፤ እሱ ስላልገዛም ዋጋው አልናረም። አርብቶ አደሩ ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈችውን ሲሸጥም በምላሹ የሚያገኘው እህል በጣም አነሰ። በአዋሽ ሸለቆ ደግሞ አፋሮች በድርቅ ጊዜ የሚሸሹበትን የግጦሽ መሬት ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች ቀድመው ይዘውት ነበር።

ይህ ጥናት የቱ ላይ ኢኮኖሚክስ ነው፣ የቱ ላይ ፖለቲካ፣ የቱ ላይስ ፍልስፍና? ዋጋውንና የገበያውን ልውውጥ መመርመር የኢኮኖሚክስ ሥራ ነው። መሬቱን ለእርሻ ድርጅት የሰጠው ማን እንደነበረ፣ የረሀቡ ወሬ ስለምን እንደተደበቀ፣ የሚጮህ ጋዜጣና የሚጠይቅ ምክር ቤት ቢኖር ምን ይፈጠር እንደነበር መጠየቅ ፖለቲካ ነው። ከሁሉም የከበደው ግን ሦስተኛው ነው። እህሉን በመኪና ጭኖ የወሰደው ነጋዴ አልሰረቀም፤ ገዝቶ ነው የወሰደው። ባለ እርሻውም በሕግ የተፈቀደለትን መሬት ነው ያረሰው። ሁሉም ሕግ አክብሮ ሰው በረሀብ ካለቀ፣ የንብረት መብት ወሰኑ የት ነው? ይህን ጥያቄ በቁጥር ማንም አይመልሰውም፤ ሳይመልሱት ፖሊሲ ማውጣትም አይቻልም። ሴን በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1998 የተሸለመ ሰው ሲሆን በፍልስፍናም አስተማሪ ነበር፤ ሁለቱን ዕውቀት ባያጣምር ኖሮ ጥያቄውን በዚህ መልክ ያነሳው ነበር ብዬ አላምንም። በጥናቱ ላይ ተቃውሞ ያነሱ ምሁራን እንዳሉም መናገር ተገቢ ነው፤ ከመንገድ ዳር ያለችው የደሴ ገበያ ዋጋ በቅሎ እንኳ በጭንቅ ለሚደርስበት የገጠር ገበያ ምስክር ልትሆን አትችልም የሚለው መከራከሪያ በእኔ እይታ ክብደት ያለው ነው።

በአገራችንም ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው ጽሑፋቸው፣ ጥሬ ሀብት እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ነጻነቱ በምን ላይ እንደሚቆም ሲጠይቁ፣ ንግዱንና አስተዳደሩን ለያይተው አላዩም።

የሚያሳዝነው በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሦስቱ በሦስት ዲፓርትመንት ተለያይተው መኖራቸው ነው። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ ግሎባል ትሬንድስ እንዲሁም ሞራልና ሲቪክስ ይወስዳሉ፤ ሞጁሎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነገር ግን ተማሪው «ኮመን ኮርስ» ብሎ ውጤቱን ለዲፓርትመንት ምርጫ ብቻ ስለሚፈልገው፣ ሎጂክ የሚያስተምረው መምህርም ኢኮኖሚክስ ከሚያስተምረው ጋር ስለማይገናኝ፣ በሎጂክ ክፍል ስሕተቱ የተነገረውን ዓይነት ክርክር ተማሪው በኢኮኖሚክስ ክፍል ሳያውቀው ይደግመዋል። በዓይኔ የማየው ነው። ልጅዎ ይህን ድልድይ ሆን ብሎ የሚሠራ ትምህርት ካገኘች፣ ወንድሜ፣ አያስቁሟት። ከአገር ቤት ሆነው ለሚያነቡን ወላጆችም፣ ዲግሪው በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲም እንደሚሰጥ መጠቆም እፈልጋለሁ።

አባት ከሎንዶን፦

ለሦስታችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የወሎውን ጉዳይ ለልጄ በቃሌ ተርጉሜ ነገርኳት፤ እሷም አማርትያ ሴንን በስም ታውቀው ኖሮ፣ የጻፈው ስለ እናቷ አገር መሆኑን ግን አላወቀችም ነበር፤ እናቷ የወሎ፣ የደላንታ ሰው ናት። የዚያን ዕለት ማታ እናቷ በልጅነቷ የሰማችውን ስታጫውታት አመሹ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እናቷ ፍልስፍና ልጃችንን ከእምነቷ ያርቃታል ብላ ትሰጋለች፤ ስጋቷን አቃልዬ ላልፈው አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ማመልከቻው ላይ ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች ቢኖሩ ብትጠቁሙን።

መምህር ከአዲስ አበባ፦

የእናቷ ስጋት የሚከበር ነው። ፍልስፍና የሚያስተምር ክፍል እግዚአብሔር አለ የሚሉትንም የለም የሚሉትንም ክርክሮች ያቀርባል፤ ተማሪዋ ሁለቱንም በሚገባ መረዳት ይጠበቅባታል፣ አንዱን እንድታምን ግን አትገደድም። በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ በልዩ ልዩ ገጽ ሲፈቱ የኖሩ ናቸው፤ የፈላስፎች አባባል የተሰበሰበበት መጽሐፍ፣ አንጋረ ፈላስፋም፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በገዳማውያን ዘንድ ነው። ልጅቱ ቤተ ክርስቲያን የምታውቅ ከሆነ፣ ጥያቄ በመስማቷ የምትናወጥ አይመስለኝም። እናቷ ግን የምታነበውን እንድታካፍላት ብትጠይቃት መልካም ነው፤ ብቻዋን ከምታስበው አብረው ቢያስቡት ይሻላል።

የዘርፉ ምሩቅ፦

ጋሼ፣ ማመልከቻውን በሚመለከት ኦክስፎርድን የምትመርጥ ከሆነ የመጨረሻው ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 15 ነው፤ ለሌሎቹ እስከ ጃንዋሪ ጊዜ አለ። የኦክስፎርድ መደበኛ መመዘኛ በሦስት ትምህርት ኤ ማምጣት ነው። የመግቢያ ፈተናም አለ፤ አሠራሩ ስለሚቀያየር በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ የዘንድሮውን ታረጋግጥ፣ ለብቻው መመዝገብ የሚያስፈልግ መሆኑንም አትዘንጋ። ቃለ መጠይቁ በዲሴምበር ይካሄዳል።

በቃለ መጠይቁ የሚፈልጉት ያላየችው ጥያቄ ሲቀርብላት እንዴት እንደምታስብ ነው። እቤት ሆናችሁ እንዲህ ያለውን ልትሞክሩ ትችላላችሁ። ሦስት ቀበሌዎች ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የውኃ ጉድጓድ ለማሠራት ገንዘብ አላቸው። የመጀመሪያው ትምህርት ቤትን ያስቀድማል፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያን፣ ከዚያ ውኃን፤ ሁለተኛው ጤና ጣቢያን፣ ውኃን፣ ከዚያ ትምህርት ቤትን፤ ሦስተኛው ውኃን፣ ትምህርት ቤትን፣ ከዚያ ጤና ጣቢያን። ሁለት ሁለቱን እያነጻጸሩ ድምፅ ቢሰጡ ትምህርት ቤት ጤና ጣቢያን፣ ጤና ጣቢያ ውኃን ያሸንፋል፤ ውኃ ደግሞ ተመልሶ ትምህርት ቤትን ያሸንፋል። ታዲያ «የሕዝቡ ፍላጎት» የትኛው ነው? ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያነሳውን ይህን ችግር አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1951 አስፋፍቶ አረጋግጦታል፤ ልጅዎ ግን ስማቸውን ባትጠቅስም ምንም አይደለም። አጀንዳውን የሚያስቀምጠው ሰው ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ራሷ ከደረሰችበት በቂ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ የሚመረጡት የአምስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ምርጫ ነው። ትምህርቱን ለምን እንደመረጠች የምትጽፍበት፣ ለአምስቱም የሚላከው የግል መግለጫ አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2026 ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮም በሦስት ጥያቄዎች ተከፍሎ ይጻፋል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ሕግ፣ ሦስት ቦታ ፒፒኢ ብላ ካመለከተች መግለጫዋ ለሁለቱም የማይመጥን ይሆናል። ፒፒኢን ከኢኮኖሚክስ ወይም ከኢኮኖሚክስና ፖለቲካ ጋር ማቀላቀል ግን ይቻላል፤ የባንኩ ባለሙያ ያነሱትንም ስጋት ያቃልላል። ከመምረጧ በፊት የእያንዳንዱን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የኮርስ ዝርዝር ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና፣ ኢኮኖሚክስ ግማሽ ያህሉን መያዝ የሚችልበት የትኛው እንደሆነ፣ ኢኮኖሜትሪክስም ለፒፒኢ ተማሪ ክፍት መሆኑን አብራችሁ ተመልከቱ። ካልተገለጸ ለቅበላ ክፍሉ በኢሜይል ብትጠይቅ ይመልሱላታል።